ጥያቄና መልስ፦ ሐዋሳ ላይ የተቀረጸው የልብ አንጠልጣይ ፊልም መክፈቻ

አራት የሐዋሳ ተማሪዎች በስልክ የቀረጹትን የፊልም መክፈቻ አይታችሁ ብዙ ጥያቄ ልካችኋል። ላላያችሁት ታሪኩ ይኸው። ርዝመቱ 2 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ነው። አንዲት ተማሪ መሽቶባት ፒያሳ አካባቢ ባጃጅ ትይዛለች። ሾፌሩ ቃል አይተነፍስም፤ በመስታወቱ ብቻ ያያታል። ቤቷ በር ላይ ያቆምላታል። ወርዳ ቁልፍ ስትፈልግ ድንገት ዞር ትልና «ቤቴን ማን ነገረህ?» ትለዋለች። ስክሪኑ ይጠቁራል፣ ርዕሱ ይመጣል። እኔ ዘወትር ኤዲቲንግ ላይ ነኝና የማውቀውን ልመልስ።

ጋሼ፣ ዳይሬክት ያደረግኩት እኔ ነኝ። ሳይሸፋፍኑ ይንገሩኝ፣ የቱ ጋ ነው የከሸፈው?

ከሽፏል አትበይ። ሐሳቡ ግሩም ነው፣ ማንም ሰው ቤቱ ሊገባ ሲል ሊያስበው የሚችል ፍርሃት ነው። የተበላሸው አንድ ቦታ ነው፤ ስትሳፈር። ሙዚቃውን ከፍ አድርጋችሁ ሾቱን (ካሜራው ሳይቋረጥ የቀረጸውን ምስል) በ2 ሰከንድ ቆርጣችሁታል። ስለዚህ አድራሻዋን አለመናገሯን ልብ ያለው የለም። «ነግራው ይሆናል፣ ቆርጠውት ነው» ብለን አለፍን። የመጨረሻው ጥያቄዋ ሲመጣ መደንገጥ ሲገባን ግራ ተጋባን።

የሐዋሳ ሰው ማታ ኮንትራት ባጃጅ ሲይዝ ምን እንደሚያደርግ አስቢ። መጀመሪያ ቦታውን ይናገራል። ከዚያ ዋጋ ይከራከራል። «ኧረ ቀንስ!» «አይ፣ መሽቷል።» «በቃ እተዋለሁ።» «እሺ ግቢ።» ያለዚህ ክርክር የሚሳፈር የለም። ይህን ልማድ ተጠቀሙበት። ከእሷ ቀድሞ አንድ ሰውዬ ከሌላ ሾፌር ጋር ሲከራከር አሳዩን። ቀጥሎ የእሷ ባጃጅ ይመጣል። ስልክ እያወራች ትገባለች። ወዴት ነሽ የሚላት የለም፣ ስለ ዋጋ የሚያነሳ የለም። ባጃጁ ይነሳል። ሙዚቃ አታስገቡ፣ ሞተሩ ብቻ ይሰማ። ያንን ሾት 6 ሰከንድ ያህል ያዙት። ነቃ ያለ ተመልካች እዚያው ይጠረጥራል። ሌላው ደግሞ በሩ ላይ ስትጠይቀው ወደኋላ ተመልሶ ያስታውሳል።

ግን ተመልካቹ ቀድሞ ከጠረጠረ ድንጋጤው አይጠፋም?

ድንጋጤው ትንሽ ይቀንሳል፣ ጭንቀቱ ግን ብዙ ይጨምራል። የልብ አንጠልጣይ ፊልሞች ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክ በ1962 እ.ኤ.አ. ከፈረንሳዊው ዳይሬክተር ፍራንሷ ትሩፎ ጋር ባደረገው ረጅም ቃለ ምልልስ ይህንኑ አስረድቷል። ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ተራ ወሬ ያወራሉ። ከጠረጴዛው ሥር ቦምብ አለ። ሳናውቅ ቢፈነዳ 15 ሰከንድ እንደነግጣለን። ቦምቡን ቀድመን ካየነው ግን 15 ደቂቃ ሙሉ ልባችን ተንጠልጥሎ ይቆያል። ያ ተራ ወሬ ራሱ ያስጨንቀናል። የእናንተ ቦምብ ሾፌሩ ያልጠየቀው ጥያቄ ነው። ካላስቀመጣችሁልን መንገዱ ሁሉ ባዶ ጉዞ ይሆናል።

ሱቆቹ ጋ ስንደርስ ምስሉ ብልጭ ድርግም ይላል። ስልኩ ተበላሽቶ ነው?

ስልኩ ጤነኛ ነው። የእኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ዙር) ስለሆነ፣ ብዙ አምፖሎች ዓይናችን በማያየው ፍጥነት በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ፈዘዝ ይላሉ። ስልካችሁ በሰከንድ 30 ፍሬም (ነጠላ ምስል)፣ ሸተሩ (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) ደግሞ 1/60 ሰከንድ ላይ ከሆነ ከመብራቱ ጋር አይገጥምም። 25 ፍሬም እና 1/50 አድርጉት። ስልኩ ራሱ የማይፈቅድ ከሆነ ሸተር በእጅ የሚያስተካክል የካሜራ አፕ ጫኑ።

ማታ መብራት ስለሌለን ምስሉ ሁሉ ጥቁር ሆነብን። ምን ይሻላል?

ድቅድቅ እስኪል አትጠብቁ። 12 ሰዓት ካለፈ በኋላ ፀሐይዋ ሐይቁ ላይ ስትጠልቅ፣ ሰማዩ ሰማያዊ ሆኖ የሚቆይበት ጊዜ አለ። በስክሪን ላይ ሌሊት ይመስላል፣ የሰው ፊት ግን ይታያል። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን 20 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው የሚቆየው። ልምምዱን ቀን ጨርሱ፣ በዚያ ሰዓት ቅረጹ ብቻ።

ባጃጁ መሐል መንገድ ላይ የተመለሰ ይመስላል። እኔ ብቻ ነኝ ያየሁት?

ብዙዎች አይተውታል። በአንዱ ሾት ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ በሚቀጥለው ከቀኝ ወደ ግራ። ካሜራው መንገዱን ተሻግሮ ስለቆመ ነው፤ የ180 ዲግሪ ሕግ የሚባለው ይህንን ይከለክላል። ምስሉን በኤዲቲንግ እንገልብጠው እንዳትሉ፣ የሱቁ ጽሑፍና ታርጋው አብረው ይገለበጣሉ። በሁለቱ መሐል ፊቷን ፊት ለፊት የሚያሳይ ክሎዝአፕ (ከቅርብ የተቀረጸ ምስል) ብታስገቡ ዓይን ይቀበለዋል።

መምህር ነኝ። የተማሪዎችን እንዲህ ያለ ሥራ ስመዝን ከምን ልጀምር?

ታሪኩን ጨርሶ የማያውቁ ጥቂት ሰዎች ይሰብስቡ። «ወደዳችሁት?» ብለው አይጠይቁ። ሰው ይሉኝታ ይይዘዋል፣ «አሪፍ ነው» ብሎ ይገላገላል። ይልቅ «ማንን ፈራችሁ? ከየት ጀምራችሁ? ቀጥሎ ምን ይመጣል ብላችሁ ጠበቃችሁ?» ይበሏቸው። ሲያዩም እርስዎ ስክሪኑን ትተው ፊታቸውን ይዩ። ስልኩን ለማየት ጎንበስ ያለ ካለ ሰከንዷን ይጻፉ።

ከዚያ ድምፁን አጥፍተው ደግመው ያሳዩ። ቀጥሎ ምስሉን ሸፍነው ድምፁን ብቻ ያሰሙ። ይህንን ፊልም ሞክሬዋለሁ። ያለ ድምፅ የመስታወቱ ሾቶች ታሪኩን ይሸከሙታል፣ ሾፌር የሆነው ልጅ ዓይን አጠቃቀም በእውነት ያስፈራል። ድምፁ ብቻውን ግን ከዳር እስከ ዳር ሙዚቃ ነው። የቁልፉ መንኳኳት፣ የብረት በሩ፣ የውሻው ጩኸት የት ሄደ? ነጥብ የሚቀነሰው እዚህ ነው። ተማሪዎቹ ራሳቸው በሚጽፉት ግምገማም «ካሜራው ቆንጆ ነበር» የሚል ዓረፍተ ነገር አይቀበሉ። የትኛው ሾት፣ ለምን፣ ተመልካቹ ላይ ምን አደረገ፤ እነዚህ ሦስቱ ይመለሱ።

የሞተሩ ጩኸት ንግግሯን ዋጠው።

ሞተሩን አጥፍታችሁ ንግግሩን ቅረጹ። ሁለተኛ ስልክ ሻርፗ ሥር ደብቁ። ሞተሩን ለብቻው ቀርጻችሁ ኋላ ከሥር አስገቡት።

የታወቀ የአማርኛ ዘፈን ብናስገባስ?

ለክፍል ውስጥ ልምምድ ይሁን። ኢንተርኔት ላይ ልትለቁት ካሰባችሁ ግን ፈቃድ ያስፈልጋችኋል። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን መብት ዕድሜ ልኩንና ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይጠብቃል። ክራር የሚጫወት ጓደኛ ካላችሁ አንድ ክር ብቻ እየመታ ይቅረጽላችሁ። ለዚህ ታሪክ እሱ ይበልጣል።

መክፈቻው ላይ ሰው መሞት የለበትም እንዴ?

በፍጹም። ገና ስሟን ሳናውቅ ብትሞት ማንም አያዝንላትም።

ጋሼ፣ ድጋሚ ለመቅረጽ አቅሙ የለንም። ሾፌር የሆነው ልጅም ለዕረፍት ዲላ ሄዷል።

እሱ አያስፈልጋችሁም። የቀራችሁ የመሳፈሪያው ሾት ነው፣ ከውጭና ከኋላ ስትቀርጹት የሾፌሩ ጀርባ ብቻ ነው የሚታየው። ቁመቱ የሚቀርብ ልጅ ያንኑ ጃኬት ለብሶ ይቀመጥ። ጥንቃቄው እሷ ላይ ነው። ቦርሳዋ በግራ ትከሻዋ ይሁን፣ ሻርፗም ያው ይሁን፣ ፀጉሯን ከተሠራች እንደዚያው ትሠራ። ባጃጁ ሌላ ከሆነ ደግሞ መስታወቱ ላይ የተንጠለጠለውን ቀይ ጌጥ ከባለቤቱ ተዋሱት፤ በሚቀጥሉት አራት ሾቶች ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።