41 ላይ አቁሚ

ጥያቄ፦ መምህር፣ 41 ጊዜ «እግዚኦ» እያልኩ እግዚኦታ ስጸልይ መሐል ላይ የስድብ ሐሳብ ይመጣብኛል። «ይሄኛው አልተቆጠረም» ብዬ ከአንድ እጀምራለሁ። 41ዱን ለመጨረስ ሁለት ሰዓት የሚፈጅብኝ ቀን አለ። ለንስሐ አባቴ ሦስት ጊዜ ተናዝዣለሁ፤ ግን «በደንብ አልነገርኳቸውም» እያልኩ እጨነቃለሁ። ከቆረብኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ። መንፈስ ቅዱስን ሰድቤ ይሆን?

መልስ፦ አልሰደብሽም፣ እኅቴ። ጌታ በማቴዎስ 12 የተናገረው የመንፈስ ቅዱስን ሥራ እያዩ «የአጋንንት አለቃ የብዔል ዜቡል ነው» ላሉት ነው። እነሱ እንቅልፍ አላጡም። አንቺ አጥተሻል።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እንዳንቺ የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው፤ ሁሉም መደጋገሙን እንደ ትጋት ያዩታል። አፌን ስጉመጠመጥ ጠብታ ውኃ ዋጥኩ ብሎ ከቁርባን የሚቀር አለ። ተናዝዞ ከደጀ ሰላሙ ሳይወጣ የሚመለስ አለ። እስቲ ልብ በዪ፦ ደግመሽ ስትጀምሪ የምታገኚው እፎይታ ስንት ደቂቃ ይቆያል? ከዚያ ጥርጣሬው በርትቶ ይመጣል። የምትመግቢው እሱን ነዋ!

የሲና ገዳም አበምኔት የነበረው ዮሐንስ ክሊማቆስ የአንድ መነኩሴ ታሪክ ይነግረናል። የስድብ ሐሳብ 20 ዓመት አሠቃየው። ሥጋውን በጾምና በትጋህ ቢያደክምም አልለቀቀውም። በመጨረሻ አፍሮ፣ በወረቀት ጽፎ ለአንድ አረጋዊ ሰጠና በግንባሩ ተደፋ። አረጋዊው አንብበው ፈገግ አሉ። እጁን አንገታቸው ላይ እንዲያደርግ ነገሩት። ኃጢአቱ በእኔ አንገት ይሁን፣ አንተ ብቻ ከእንግዲህ ከቁጥር አታግባው አሉት። አንድ ስግደት እንኳ አልጨመሩበትም። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን ፈገግታቸው ነው።

ስለዚህ ጠንከር ብዬ ልንገርሽ። የተናዘዝሽውን አትድገሚ። ሌላ ካህን ጋ ሄደሽም አትጠይቂ። ሐሳቡ ቢመጣም እግዚኦታውን ቀጥዪ፤ 41 ላይ አቁሚ። የተሳሳትሽ ቢመስልሽም አቁሚ። ልብሽ ይጨነቃል፤ ይጨነቅ። እግዚአብሔር ከልባችን ይልቅ ታላቅ ነው (1ኛ ዮሐ. 3፥20)።

ደግሞም ይህ በሕክምና ኦሲዲ (OCD) የሚባለው፣ ያልፈለጉት ሐሳብ እየተመላለሰ ሰውን ድግግሞሽ ውስጥ የሚከትት ሕመም ሊሆን ይችላል። በመድኃኒት ይታከማል፤ ጭንቀቱን ችሎ ድግግሞሹን በመተው ልምምድም ይታከማል። ጸበሉን ተዪ አላልኩም። ሲራክ 38 ግን ሐኪሙንም መድኃኒቱንም የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ይላል። አዲስ አበባ ካለሽ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል አለ። ስሙ ሲነሳ «እብድ ነኝ እንዴ?» የሚል አይጠፋም። አይደለሽም።

ለመቁረብ ጥርጣሬሽ እስኪጠፋ አትጠብቂ። በዚህ ሳምንት ወደ ንስሐ አባትሽ ሂጂ፤ ለመናዘዝ አይደለም፣ የምትቆርቢበትን ቀን እንዲቆርጡልሽ ነው።