የሉድቪግ ዘር በሴት ልጁ ቀጥሏል
ወንድሜ፣ በጀርመን የቱሪንጊያው መስፍን ሉድቪግ 4ኛ በመስቀል ጦርነት ጉዞ ላይ ሲሞት ዘሩ ጠፋ ወይ ብለህ ለጠየቅኸው፣ አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1221 የሃንጋሪን ንጉሥ ልጅ ኤልሳቤጥን አገባ፤ ከልብ ይዋደዱ ነበር። ሌሊት ለጸሎት እንድትነሣ እግሯን ጎትታ የምትቀሰቅሳት ደንገጡር አንድ ጊዜ በስሕተት የእርሱን እግር ጎተተች። ነቃ፤ ነገሩ ገባው፤ አልተቆጣም። ይህን የመሰከረችው ራሷ ደንገጡሯ ናት፤ የሰውየውን ጠባይ ከዚህ የበለጠ የሚያሳየኝ ታሪክ የለም። በመስከረም 1227 ወደ መስቀል ጦርነቱ ሲጓዝ በደቡብ ኢጣሊያ ኦትራንቶ ላይ በንዳድ ሞተ። ሦስተኛ ልጁ ገርትሩድ የተወለደችው አባቷ ከሞተ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ነው፤ በኋላም መነኮሰች። ወንድ ልጁ ሄርማን በ1241 ያለ ልጅ አረፈ። ዘሩን ያስቀጠለችው ታላቋ ሴት ልጁ ሶፊያ ናት፤ ለልጇ ለሃይንሪክ ዓመታት ተሟግታ በጀርመን የሚገኘውን የሄሰንን ግዛት አስገኘችለት።