አደይ ነው ወይስ መጭ? ከደሴና ከኮምቦልቻ ለቀረቡ ጥያቄዎች መልስ

ጥያቄ፦ ለደመራ ከሐረጎ ዳገት ቢጫ አበባ ለቅመን መጣን። እናቴ «ይሄማ መጭ ነው» አሉ። በምን ይለያል?

መልስ፦ ሁለቱም ቢጫ ናቸው፣ ሁለቱም መስከረም ላይ ይፈካሉ፣ አንድ ማሳ ዳር ጎን ለጎን ቆመው ይገኛሉ። ስለዚህ ፊቱን ትተሽ አበባውን ገልብጪው። አበባውን ከሥር ያቀፉት አረንጓዴ ቅጠሎች ሰፋፊና አምስት ከሆኑ፣ ትንሽ ሳህን ከመሰሉ፣ መጭ ነው። አደይ ላይ ግን ሁለት ረድፍ ታያለሽ፤ የውጪዎቹ ቀጫጭን ናቸው፣ የውስጦቹ ሰፋ ብለው ጠርዛቸው ስስ ነው።

ቀጥለሽ ግንዱን ያዢ። የአደይ ቅጠል እንደ ካሮት ቅጠል ባይደቅም በጥልቀት የተሰነጣጠቀ ነው። የመጭ ቅጠል ሳይሰነጠቅ ረዘም ያለ ነው፣ ሲያሹት ይሻክራል፣ ዘንግ ሳይኖረው በቀጥታ ግንዱን ያቅፋል። ቅጠሉ ተገፎ ታስሮ ከሆነ አንዱን ቢጫ የአበባ ቅጠል ከሥሩ ንቀይና በስልክሽ ካሜራ አጉልተሽ እዪው፤ መሠረቱ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ነጭ ፀጉር ካለ መጭ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቢጫዎቹን ቅጠሎች ስለሚቆጥር ነው። ቁጥራቸው በሁለቱም ስምንት አካባቢ ስለሆነ አይለይም።

ጥያቄ፦ ኑግስ?

መልስ፦ የመጭ የቅርብ ዘመድ ነው፣ አበባቸውም ይመሳሰላል። በማሳ ተዘርቶ እኩል የቆመ ከሆነ ኑግ ነው፤ አትቁረጡት፣ የሰው ሰብል ነው።

ጥያቄ፦ ዘሩን አይቶ መለየት ይቻላል?

መልስ፦ ከሁሉም አስተማማኙ እሱ ነው፤ ችግሩ እስኪደርቅ መጠበቅ ይጠይቃል። የመጭ ፍሬ እንደ ኑግ ጥቁርና ለስላሳ ነው፣ ጫፉ ላይ ምንም የለውም። የአደይ ወገን ፍሬ ጠፍጣፋ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም ጫፉ ላይ ሁለት ጥርስ ይኖረዋል። ሳይንሳዊ ስሙ ባይደንስ በላቲን «ሁለት ጥርስ» ማለት የሆነው ለዚህ ነው። ልብስ ላይ የሚጣበቀው ጨጎጎትም ከዚሁ ወገን ነው።

ጥያቄ፦ የጎፍ ደን ውስጥ ገብቼ ብፈልግ አገኛለሁ?

መልስ፦ ከመሃሉ ይልቅ ጠርዙን ይያዙ። አደይ ፀሐይ ይፈልጋል፤ ጥድና ወይራ ጥላቸውን በዘጉበት ቦታ አይፈካም። ደኑ ሳስቶ ሣር የጀመረበትን፣ የእግር መንገድ ዳሩን፣ ድንጋያማ ተዳፋቱን፣ የእርሻ ድንበሩን ይመልከቱ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፤ ለአደይ ሁለቱም ይሆኑታል። ከመስከረም እስከ ጥቅምት መሄድ ጥሩ ነው። ባሕር ዛፍ ሥር ግን አይድከሙ። ውሃውን ይሻማል፣ የረገፈው ቅጠሉም መሬቱን ይሸፍነዋል።

ጥያቄ፦ ግቢዬ ውስጥ ማብቀል እችላለሁ?

መልስ፦ ይቻላል፤ ነቅሎ ማዛወር ግን አይሆንም። በአበባው ሰዓት የተነቀለ ተክል ይጠወልጋል። አደይ በየዓመቱ ከዘር የሚበቅል ስለሆነ ዘር ሳይጥል የነቀሉት ለከርሞ የለም። ኅዳር ላይ አበባው ደርቆ ሲጠቁር ጭንቅላቱን ቆርጠው በወረቀት ከረጢት ጥላ ላይ ያቆዩት። ላስቲክ ውስጥ ከተቀመጠ ይሻግታል። ክረምቱ ሊገባ ሲል ፀሐይ የሚያገኘውን መሬት ጫር ጫር አድርገው ይበትኑትና ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር አፈር ብቻ ያልብሱት። ጠልቆ የተቀበረ አይወጣም። ውሃ የሚያቁርበት ቦታ ላይም አይዝሩ። ፍግ ማብዛት ቅጠል ያበዛል እንጂ አበባ አይጨምርም።

የደመራ ለቃሚ ልጆችን ደግሞ አደራ እላለሁ፤ በቢላ ይቁረጡ፣ ሥሩን አይንቀሉ፣ ከየቦታው ገሚሱን ለዘር ይተዉት።

ጥያቄ፦ እዚያው ደን ዳር አበባው ነጭና ባለ አምስት ቅጠል የሆነ እሾሃማ ቁጥቋጦ አየሁ። ጽጌረዳ ይመስላል።

መልስ፦ ጽጌረዳ ነው፤ የአገራችን የዱር ጽጌረዳ፣ ቀጋ። እሾሁ ወደ ታች የተቆለመመ መሆኑን ይዩ። ፍሬው ሲበስል ወደ ብርቱካናማ ቀይ ይለወጣል፣ ይበላል፤ ውስጡ ያለውን ፀጉራም ዘር ግን አራግፈው ይጣሉ፣ ጉሮሮ ይከረክራል።

ጥያቄ፦ ፎቶ ብልክላችሁ ትለዩልኛላችሁ?

መልስ፦ አበባውን ከላይ ብቻ ያነሱት ፎቶ አይበቃም። አራት ይላኩ፦ ፊቱን፣ ጀርባውን፣ ቅጠሉ ከግንዱ የሚገናኝበትን፣ ተክሉ የቆመበትን ቦታ። አጠገቡ ሳንቲም ቢያስቀምጡ መጠኑም ይታወቃል።