መልስ፦ ልጅ እያቋረጠህ ኮድ መጻፍ
የ3 ዓመት ልጄ በየ10 ደቂቃው ስለሚጠራኝ ኮዱ የቱ ጋ እንደደረሰ ይጠፋብኛል ብለሃል። እኔም ቤት ያው ነው።

በጣም የጠቀመኝ ይሄ ነው፦ ከመነሳቴ በፊት የሚወድቅ ቴስት (ገና ያልጨረስኩት ክፍል መሥራቱን የሚፈትሽ አጭር ኮድ) ጽፌ እተዋለሁ። ስመለስ አስሮጠዋለሁ፣ የቆምኩበትን ራሱ ይነግረኛል። ጊዜ ካጣህ ቀጥሎ የምትሠራውን በአንድ መስመር ጻፈው፤ ኮሜንት (ኮምፒውተሩ የሚዘለው ማስታወሻ) ግን አታድርገው። ያኔ ኮዱ ራሱ አልሠራም ብሎ ያስታውስሃል። ያላለቀውንም በጊት (የኮድ ለውጦችን መዝግቦ በሚይዝ ፕሮግራም) በራስህ ብራንች (ለብቻህ በምትሠራበት የኮዱ ቅርንጫፍ) ላይ ኮሚት አድርገው፣ ማለትም መዝግበህ አስቀምጠው፤ በኋላ ስኳሽ ታደርገዋለህ፣ ኮሚቶቹን ወደ አንድ ትጨምቃቸዋለህ። ስክሪኑን ደግሞ ቆልፍ! (የኔዋ ልጅ አንዴ ግማሽ ፋይል አጥፍታብኝ ጊት ነው ያወጣኝ።)

ልጅህ ተረት ሲጀምርልህ ግን ላፕቶፑን ዝጋው። የኔዋ ትናንት "አንበሳው ጅቡን በላው፣ ከዚያ ደሞ ጅቡ አንበሳውን በላው፣ ከዚያ ደሞ..." እያለች ቀጠለች። መውጫ የሌለው ሉፕ (ራሱን የሚደጋግም ኮድ)። "መቼ ነው የሚያልቀው?" ስላት፣ "ሲጠግቡ" አለችኝ።