«የጊኒ ፒግ አያት ነኝ ልበል?»

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነው። ዕድሜዬ 61 ሲሆን ያደግሁት ጎጃም ገጠር ውስጥ ነው፤ እንስሳ የምጠላ ሰው አይደለሁም። አንድ ሴት ልጅ አለችኝ፤ 33 ዓመቷ ነው፣ ሥራዋን የምታከብር ልጅ ናት፣ ለብቻዋ አፓርታማ ተከራይታ ትኖራለች። ከአራት ዓመት በፊት ሁለት ጊኒ ፒጎች (አይጥ የሚመስሉ ትናንሽ የቤት እንስሳት) ገዝታ ቀላ ያለችውን ቆሎ፣ ጥቁሯን ኑግ አለቻቸው። እስከዚህ ምንም አላልኩም። ውሎ አድሮ ግን ራሷን «እናታቸው» ማለት ጀመረች፤ እኔን ደግሞ «አያታቸው» አደረገችኝ። ለእናቶች ቀን የእነሱ ፎቶ ያለበት ካርድ «ለአያታችን» ብላ ላከችልኝ፤ ካርዱን መሳቢያ ውስጥ ደበቅሁት። የማኅበር ጓደኞቼ «ልጅሽስ? አልወለደችም?» ሲሉኝ የጊኒ ፒግ አያት ነኝ ልበል?

ባለፈው ወር ኑግ ታማ ሞተች። ልጄ ሁለት ቀን ከሥራ ቀረች። ደውላ «እማዬ፣ ኑግ ሞተችብኝ» እያለች ስታለቅስ «ለአይጥ እንዲህ ይለቀሳል? ይልቅ የሰው ልጅ እንዲሰጥሽ ፈጣሪን ለምኚ» አልኳት። ስልኩን ዘጋችው። ይኸው አራተኛ ሳምንቷ፣ ስደውልላት አታነሳም። የልጄ አእምሮ ደህና ነው? ወይስ ጥፋቱ የእኔ ነው?

መልስ

ውድ እናት፣

ከመጀመሪያው ጥያቄዎ ልነሳ፤ እንቅልፍ የነሳዎት እሱ ይመስለኛል። ከጻፉልኝ ነገር ውስጥ የልጅዎ አእምሮ ታውኳል የሚያሰኝ አንድም ምልክት አላገኘሁም። ሥራዋን ትሠራለች፣ ቤቷን ታስተዳድራለች። ልቧ ሲሰበር ደግሞ ስልኳን አንስታ የደወለችው ለእርስዎ ነው። በሠላሳ ሦስት ዓመቷ፣ ጓደኛም ባልደረባም እያላት፣ «እማዬ» ብላ ነው ለቅሶዋን የጀመረችው። ደብዳቤዎን ደጋግሜ ሳነብ ዓይኔ የሚያርፈው እዚያች ቃል ላይ ነው።

አሁን ወደ ስሙ እንምጣ። አሜሪካ ውስጥ ጊኒ ፒግ የሚያሳድጉ ሰዎች ራሳቸውን የሚጠሩበት ስም ብዙ ነው። አንዳንዱ እንደ ድሮው «ኦነር» (ባለንብረት) ይላል። ብዙዎቹ ሴቶች «ፒጊ ማም» (የፒጊ እናት)፣ ወንዶቹ «ፒጊ ዳድ» (የፒጊ አባት) ነን ይላሉ። ቀኑን ሙሉ ድርቆሽ ሲያቀርቡና ጎጆ ሲጠርጉ ስለሚውሉ «የእነሱ ስሌቭ ነኝ» ብለው የሚቀልዱም አሉ። ይህ የመጨረሻው ለእኔ አይዋጥልኝም፤ በእኛ ቋንቋ «ባሪያ» የሚለው ቃል የስንቱን ቤተሰብ አጥንት እንደሰበረ ስለማውቅ ቀልድ ሊሆንልኝ አልቻለም። «እናት» ግን ሌላ ነው።

ነገሩ የልጅዎ ብቻ አለመሆኑን እንዲያዩልኝ ደግሞ ሩቅ አልሄድም። ከአውሮራ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ የምትርቀው የቦልደር ከተማ እ.ኤ.አ. በ2000 በሕጓ ውስጥ የእንስሳ «ባለንብረት» የሚለውን ቃል «አሳዳጊ» በሚል ቀይራለች። በማግስቱ ዓመት የሮድ አይላንድ ግዛት «አሳዳጊ» የሚለውን ቃል በሕጉ ውስጥ አስገባ። ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ጥናት ደግሞ የቤት እንስሳ ካላቸው አሜሪካውያን 97 ከመቶው እንስሳቸውን የቤተሰብ አባል አድርገው እንደሚያዩ፣ 51 ከመቶው ደግሞ ከሰው የቤተሰብ አባል እኩል እንደሚቆጥሩት ተናግረዋል። ልጅዎ የምትናገረው የምትኖርበትን አገር ቋንቋ ነው።

ግን እውነት የአገሩ ቋንቋ ብቻ ነው? በእኛ ዘንድ ዐፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ ዐፄ ዮሐንስ «አባ በዝብዝ»፣ ዐፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ «አባ መላ» ተብለው ይጠሩ ነበር። ሁሉም የፈረስ ስም ነው። ዳኘው ፈረሱ ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ «አባ ዳኘው» ተባሉ። በኦሮምኛ «አባ» ማለት አባትም ባለቤትም ነው፤ አንዱ ቃል ሁለቱንም ይሸከማል። ጀግናው በፈረሱ ስም ሲፎከርለት ያፈረ ዘመድ ስለመኖሩ ሰምቼ አላውቅም። ያን ጊዜም ቢሆን ምኒልክ ፈረስ ወለዱ ያለ የለም። ቃሉ የሚናገረው ስለ መዋደድና አብሮ ስለ መዋል ነበር።

ከዚያም ወደ ራስዎ ቤት ይመለሱ። ልጅዎን በልጅነቷ ስታለቅስ ሲያባብሉ ምን ይሏት ነበር? «እናቴ፣ እናትዬ፣ አይዞሽ» አላሏትም? እናት ልጇን «እናቴ» የምትልበት ቋንቋ ነው ያለን። የማናውቀውን ታክሲ ነጂ «ወንድሜ»፣ ጎመን የምትሸጠውን ሴት «እህቴ» እንላለን። በጎጃም ቤትዎ ላም ስትታለብ ስሟን እየጠሩ አልደባበሷትም? ልጅዎ የዘመድ ስም ለፍቅር መዋስን የተማረችው ከአሜሪካ ሳይሆን ከእርስዎ አፍ ሊሆን ይችላል።

«ቆይ፣ እኔ እናቴ ስላት እናቴ እንዳልሆነች አውቃለሁ፤ እሷስ እንስሳትና ልጅ ተምታተውባት ቢሆንስ?» ይሉኝ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የታተመ አንድ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ጥናት እናቶች ለሕፃን ልጃቸው፣ ለውሻና ለድመታቸው፣ እንዲሁም ለአዋቂ ሰው ሲናገሩ ድምፃቸውን እየቀረጸ አነጻጸረ። ለሕፃኑም ለእንስሳውም ድምፃቸው ይቀጥናል፣ ይለሰልሳል። አናባቢ ድምፆችን አጉልተውና አጥርተው የሚያወጡት ግን ለሕፃኑ ብቻ ነበር፤ ሕፃኑ አንድ ቀን አፉን እንደሚፈታ ልባቸው ያውቃልና። ጥናቱ ጊኒ ፒግን ባይጨምርም የሚያሳየው ግልጽ ነው፦ ሰው እንስሳን እንደ ልጅ እያቆላመጠ፣ ልጅ እንዳልሆነ በአንደበቱ ጡንቻ ሳይቀር ያውቃል።

ስለ «ፒግ» አንድ ነገር ልበልና ልለፈው። ጊኒ ፒግ ከዓሳማ ጋር ዝምድና የለውም፣ ከጊኒም አልመጣም። ከአንዲስ ተራሮች የመጣ፣ በዘሩ ከአይጥ ወገን የሆነ፣ ሣር የሚበላ እንስሳ ነው። በፔሩና በኢኳዶር «ኩይ» ይሉታል፤ ለምግብም ያረቡታል። ስለዚህ «አይጥ» ማለትዎ በዘር ሐረግ ረገድ ብዙ አልራቀም። የልጅዎን ልብ የሰበረው ግን የዘር ሐረጉ አይደለም።

ኑግ «ታማ ሞተች» ብለው በአንድ ቃል አልፈውታል፤ በዚያ ቃል ውስጥ ግን ብዙ ሌሊት አለ። የጊኒ ፒግ አንጀት መቆም አይችልም፤ መብላት ካቆመች በአንድ ቀን ውስጥ ለሞት ልትደርስ ትችላለች። ስለዚህ የታመመችን ጊኒ ፒግ የሚያስታምም ሰው የሣር ዱቄት በውኃ በጥብጦ፣ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ እየቀዳ፣ በጉንጯ በኩል ትንሽ ትንሽ ያጎርሳታል። ይህንን በየጥቂት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር እየተነሳ ነው የሚያደርገው። አንድ ኪሎ የማትሞላ ፍጥረት በፎጣ ጠቅልሎ ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ ዋጠች አልዋጠች እያለ ጉሮሮዋን ይጠባበቃል። ጠዋት ሚዛን ላይ ያስቀምጣትና ክብደቷ ቀንሶ ከሆነ ሆዱ ይባባል። እርስዎ ልጅ አሳድገዋል፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራን ሰው ምን ብለው ይጠሩታል? ልጅዎ «እናት» የሚለውን ስም ያገኘችው ከዚህ ሥራ ነው።

ሲደክማት፣ ሳይሳካላትም ሲቀር፣ ደወለችልዎ።

ኬኔት ዶካ የተባለ አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1989 ለአንድ የሐዘን ዓይነት ስም አወጣለት። በአማርኛ የሚቀርበኝ አባባል «ለቅሶ የማይደረስለት ሐዘን» የሚል ነው። ድንኳን አይተከልለትም፣ እድር አይመጣለትም፣ ማንም «እግዜር ያጽናሽ» አይልም። ሐዘንተኛዋ ሁለት ጊዜ ትጎዳለች፤ አንድ ጊዜ በሞቱ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ «ለዚህም ይታዘናል?» በሚለው ፊት። የእንስሳ ሞት ከእነዚህ ሐዘኖች አንዱ ነው። እኛ ደግሞ ለቅሶ መድረስ የምናውቅ ሕዝብ ነን፤ ያልደረሰልንን ሰው ዕድሜ ልካችንን አንረሳውም። ልጅዎ አራት ሳምንት የዘጋችው ስልክ የዚያ ቂም ነው ብዬ አስባለሁ። ስለዚህ ሁለተኛውን ጥያቄዎን ሳልሸሽ ልመልስ፦ አዎ፣ የዚያን ቀን የተናገሩት ጥፋት ነው። «አያት» መባልን አለመውደድዎ ግን ጥፋት አይደለም።

ምክንያቱም የእርስዎም ሐዘን ለቅሶ አልተደረሰለትም። የልጅ ልጅ ማቀፍ ይፈልጋሉ። ከማኅበር በተመለሱ ቁጥር «አልወለደችም?» የሚለው ጥያቄ አብሮዎት ይገባል። ያ ካርድ ሲመጣ የናፈቁትን ስም ተጽፎ አዩት፤ ስሙን ያመጣው ግን የጠበቁት አልነበረም። ይህ ያማል። የማኅበር ጓደኛዎ ዘንድ፣ የነፍስ አባትዎ ዘንድ፣ ወይም እንደ እኔ ያለ ባለሙያ ዘንድ አውጥተው ያልቅሱት። ልጅዎ ላይ ግን አያፍስሱት። አንዲት ሴት ሠላሳ ሦስት ዓመት ሞልቷት ያልወለደችበትን ምክንያት እናቷ ሁልጊዜ አታውቀውም። አልፈለገች ይሆናል፤ ሰው አላገኘች ይሆናል፤ ሞክራ ያልሆነላት፣ ለእናቷ ለመናገር አፏ የተሳሰረ ሴትም በሥራዬ ብዙ ጊዜ አጋጥማኛለች። ልጅዎ የትኛዋ እንደሆነች አላውቅም፣ እርስዎም አልጻፉልኝም። «ለምኚ» የሚለው ቃል ስንት ቦታ ሊያርፍ እንደሚችል ግን ያስቡት። ምክንያቱንም አይጠይቋት፤ ስትፈልግ ትነግርዎታለች።

የሚያሳስበኝ ምን ቢሆን ነበር? ሐዘኑ ሳምንታት አልፈውት እየባሰ ሄዶ ሥራ ብታቆም፣ ከሰው ሁሉ ብትሸሽ፣ መብላትና መተኛት ቢያቅታት፣ «እኔም ብሞት ይሻላል» የሚል ቃል ቢወጣት፣ ያን ጊዜ ሳይዘገይ ወደ ባለሙያ መውሰድ ነው። ሁለት ቀን ከሥራ መቅረት ከዚህ አይቆጠርም።

«አያት» መባል ካልፈለጉ አይባሉ። ስሙን ለልጅ ልጅ አስቀምጬዋለሁ ማለት መብትዎ ነው፤ ግን ዛሬ አይበሉት፣ በሐዘን ሰሞን አይነገርም። ቆይቶ፣ ቡና ላይ፣ ቀስ ብለው «እናታቸው በይ፣ ደስ ይበልሽ፤ እኔን ግን በስሜ ጥሪኝ» ይበሏት። እንስሳዋንም በስሟ ይጥሯት። ቆሎ የሚል ስም እኮ ነው ያላት። ልጅዎ እንደ ብዙው ሰው «ኩኪ»፣ «ኦሪዮ» ማለት ትችል ነበር። ኮሎራዶ ውስጥ የምትኖር ወጣት ሴት ኑግን ከየት ታውቀዋለች? ጥቁርነቱን፣ በጾም ተወቅጦ ሲጠጣ ያለውን ጣዕም፣ ከእርስዎ ወጥ ቤት ካልሆነ ከየት አመጣችው? የእናቷን ቤት ስም ነው ያወጣችላቸው።

አሁን የሚያደርጉትን ልንገርዎ። ስልክ ስለማታነሳ የድምፅ መልእክት ይተዉላት። አጭር ይሁን፤ «ግን» የሚል ቃል አይግባበት። «ልጄ፣ ኑግ ስትሞትብሽ ለቅሶ መድረስ ሲገባኝ ክፉ ቃል ተናገርኩሽ። አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በይኝ። እግዜር ያጽናሽ። ቆሎ እንዴት ናት?» ይህን ካሉ በቂ ነው። ስለ ጋብቻ፣ ስለ ልጅ፣ ስለ ካርዱ አንድም ነገር አይጨምሩ። በዚያው ቀን ባትመልስ አይጎትጉቷት፤ ከሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ይድገሙት።

የመጨረሻውን ጥያቄ በከንቱ አላስገባሁትም። ጊኒ ፒግ ብቻዋን መኖር አትችልበትም፤ በስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ አንዷን ለብቻዋ ማኖር በሕግ ተከልክሏል። ስለዚህ ቆሎ ዛሬ ጓደኛዋን ያጣች ናት፣ ልጅዎም ሌላ ጓደኛ ታምጣላት አታምጣላት እያለች ሳትጨነቅ አትቀርም። «ቆሎ እንዴት ናት?» ብሎ የሚጠይቃት ሰው በዚህ ወር ያገኘች አይመስለኝም።

«ነዪ» ስትልዎ ባዶ እጅዎን አይሂዱ። ለልጅዎ የምትወደውን ምግብ ይሥሩላት። ለቆሎ ደግሞ አንድ ቀይ የፈረንጅ ቃሪያ ይያዙ፤ ጊኒ ፒግ እንደ እኛ እንደ ሰዎች ቫይታሚን ሲን ሰውነቷ ውስጥ መሥራት ስለማትችል በየቀኑ ከምግብ ማግኘት አለባት። ቀጠን አድርገው ይቁረጡት፣ ፍሬውን ያውጡለት። ሽንኩርትና አቮካዶ ግን ይመርዟታልና አያስጠጉባት።