የሠራተኛ ማኅደር ለምትረከቡ ወጣቶች

በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሰው ሀብት ክፍልም ሆነ በሠራተኛ ማኅበር ጽሕፈት ቤት ሥራ ለምትጀምሩ ወጣቶች ይህን የምጽፈው አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን በግል ማኅደሮች መካከል ያሳለፍሁ ሰው ስለሆንሁ ነው። የምትረከቡት ፋይል ደመወዝንና የትምህርት ማስረጃን ብቻ ሳይሆን የመኖሪያ አድራሻን፣ የባንክ ሒሳብን፣ የሕመም ፈቃድንና የማኅበር አባልነትንም ይይዛል።

ይህን የመጨረሻውን አቅልላችሁ አትዩት። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ተፈጻሚ የሆነው የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ደንብ የማኅበር አባልነትን ከጤና፣ ከሃይማኖትና ከፖለቲካ አመለካከት ጋር በአንድ አንቀጽ አስቀምጦ ልዩ ጥበቃ ሰጥቶታል። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2009 የተደረሰበት ምስጢራዊ መዝገብ ከ3,000 በላይ የግንባታ ሠራተኞችን ስም የያዘ ሲሆን፣ ኩባንያዎች ሰው ከመቅጠራቸው በፊት ይጠይቁት ነበር፤ ብዙዎቹም የተመዘገቡት በማኅበር ተሳትፏቸው ነው። እነዚያ የግል ድርጅቶች ነበሩ፤ ሆኖም እድገት ለመንፈግ ወይም ለማዛወር ሰበብ የሚፈልግ የመንግሥት ኃላፊ የማኅበር አባላትን ዝርዝር ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም።

የአባልነት መረጃ ብዙውን ጊዜ አፈትልኮ የሚወጣው በፔሮል (በደመወዝ መክፈያ ሰነድ) ነው። መዋጮው በየወሩ ከደመወዝ ሲቆረጥ የተቀናሽ ዓምድ ይፈጠራል፤ የበጀት ክፍሉ የሚፈልገው ጠቅላላ ድምሩን ሆኖ ሳለ ከነስሙ ሙሉው ሰንጠረዥ ይላክለታል። በኤክሴል ዓምዱን ደብቆ መላክ ጥበቃ አይደለም፤ ተቀባዩ ወዲያው ይገልጠዋል። በፒዲኤፍ ላይ በጥቁር የተሸፈነ ስልክ ቁጥርም ጽሑፉ ከሥሩ ካልተወገደ ተመርጦ ይገለበጣል። ስለዚህ የተጠየቀውን ብቻ የያዘ አዲስ ሰነድ አዘጋጁ።

ግላዊነትን ሽፋን አድርገው ሁሉንም ነገር ከሚከለክሉት ወገን አይደለሁም። ደመወዙ ከሕዝብ ገንዘብ የሚከፈል ሠራተኛ ስሙ፣ የሥራ መደቡና ደመወዙ ቢታወቅ ተገቢ ነው እላለሁ። የቤት አድራሻው ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ከሚደበድባት ባሏ ሸሽታ ቤት ለቀየረች ጸሐፊ ወይም ለማረሚያ ቤት ጠባቂ አድራሻ መውጣቱ የሕይወት ጉዳይ ሊሆን ይችላል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1994 የፌዴራል ሠራተኞች የቤት አድራሻ ለማኅበራት ተላልፎ እንዳይሰጥ ወስኗል። ውሳኔው የማኅበራትን ሥራ ያከበደ ይመስለኛል፤ ቢሆንም ማኅበሩ አድራሻውን ከራሱ ከሠራተኛው ጠይቆ በፈቃዱ ቢቀበል ሁለቱም ወገን ይጠቀማል።

በማኅበር በኩል ያላችሁትም አደራው አይቀልላችሁም። እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ በሆነው ጥቃት ከአሜሪካ የፌዴራል ሠራተኞች አስተዳደር ቢሮ የ21.5 ሚሊዮን ሰዎች መረጃ ተሰርቋል፤ ከተሰረቀው መካከል የአመልካቾችና የትዳር አጋሮቻቸው መረጃ ጭምር ነበር። ያልተከማቸ መረጃ አይሰረቅምና ለሥራችሁ የማያስፈልገውን አትሰብስቡ፤ አባልነቱን የተወውን ሰው መረጃም ሕግ ከሚያስገድደው ጊዜ በላይ አታቆዩ።

አንድ ቀን አለቃችሁ በኮሪደር አቁሞ «አባላቱ እነማን ናቸው?» ብሎ ይጠይቃችሁ ይሆናል። በአክብሮት ጥያቄውን፣ ዓላማውንና የሚፈቅድለትን ሕግ ጠቅሶ በጽሑፍ እንዲያቀርብ ጠይቁት፤ ደብዳቤው ከመጣም መልስ ከመስጠታችሁ በፊት ለሕግ ክፍሉ አሳዩት።