ሰባት ሰው ባለበት ቢሮ፣ እድገት ወዴት ነው?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው በአንድ አነስተኛ የፋይናንስ ኮምፕሊያንስ አማካሪ ድርጅት ውስጥ ነው፤ የፋይናንስ ተቋማት ሕግና መመሪያ እንዲያከብሩ እናማክራለን። ከነባለቤቱ ሰባት ነን። ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። የደንበኞችን ፋይል እመረምራለሁ፣ የፖሊሲ ሰነድ አረቃለሁ፣ ሥልጠና ሲኖር ስላይድ አዘጋጃለሁ። ፕሪንተር ሲበላሽም የምጠራው እኔ ነኝ። ማዕረጌ ግን እንደገባሁ ያው «ባለሙያ» ነው። አብረውኝ የተመረቁት ባንክ ገብተው «ከፍተኛ»፣ «ቡድን መሪ» እየተባሉ ነው። ከእኔ በላይ ያሉት ባለቤቱ ብቻ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ወንበራቸውን ለማን ይለቃሉ? ሰሞኑን አንድ ባንክ ጠርቶኛል። ሰርተፍኬት ልውሰድም እያልኩ ነው። ልቆይ ወይስ ልሂድ? እርስዎ በሙያው ብዙ እንደቆዩ ስለማውቅ ጻፍኩልዎ።

ግራ የገባት

መልስ፦

አንቺ ልበልሽ፤ ዕድሜዬ ይፈቅድልኛል። ፕሪንተሩ አሳቀኝ። እኔ የጀመርኩት አምስት ሰው ባለበት ቢሮ ነው፤ የእኔ ዕጣ ኢንተርኔቱ ነበር። በተቋረጠ ቁጥር ስሜ ይጠራል።

ትንሽ ቢሮ ውስጥ መሰላል የለም። አለቃሽ ነገ «ከፍተኛ ባለሙያ» የሚል ካርድ አሳትመው ሊሰጡሽ ይችላሉ፤ ከነገ ወዲያ የምትሠሪው ያንኑ ነው። እኔ እድገቴን የምለካው በአንድ ጥያቄ ነበር፦ ማንንም ሳልጠይቅ ዛሬ ምን መወሰን እችላለሁ? መጀመሪያ ላይ መልሱ «ምንም» ነበር። ደግሞም ሲያንሰኝ ነው።

በገባሁ በስድስተኛው ወር ለአንድ ገንዘብ አስተላላፊ ድርጅት የፖሊሲ ሰነድ አዘጋጂ ተባልኩ። ለሌላ ደንበኛ የተሠራውን ከፈትኩ፣ ስም ቀየርኩ፣ ላክሁ። የቦርድ ሰብሳቢው ስብሰባ ላይ ጮክ ብለው አነበቡት። «እያንዳንዱ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ በየወሩ…» አሉና ቀና ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ እኛ እኮ ቅርንጫፍ የለንም።» መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «ስጋትን መሠረት ያደረገ አሠራር» የሚለውን ሐረግ ለወራት ስላይድ ላይ ስጽፈው ከርሜያለሁ፤ የገባኝ ግን የዚያን ቀን ነው። ሕገወጥ ገንዘብ ማጠብን ለመከላከል መስፈርት የሚያወጣው ዓለም አቀፍ አካል፣ ፋትፍ (FATF)፣ ካወጣቸው 40 ምክረ ሐሳቦች የመጀመሪያው ስለ እሱ የሆነው ለዚህ ነው። የደንበኛሽን ሥራ ሳታውቂ ስጋቱን አታውቂም።

ሁለተኛው ጥፋቴ የባሰ ነው፤ ምክንያቱም ትክክል ነበርኩ። የአንድ ደንበኛ ስም ማዕቀብ ከተጣለባቸው ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ካለ ስም ጋር ተመሳሰለ። መሐመድ የሚለው ስም በላቲን ፊደል በስንት ዓይነት እንደሚጻፍ ታውቂያለሽ፤ ሶፍትዌሩ እንዲህ ያለውን ሲያመጣ ይውላል። የትውልድ ዘመኑን አየሁ፤ ሌላ ሰው ነው። «አይመሳሰልም» ብዬ ዘጋሁት። ከሁለት ዓመት በኋላ የተቆጣጣሪው አካል መርማሪ ያንኑ ፋይል መዝዞ «ለምን አይመሳሰልም?» አለ። እኔ አላስታውስም። ፋይሉም አይናገርም። ቀኑን ሙሉ ስንፈልግ ዋልን፤ ደንበኛው ላይ ግን ጉድለት አለ የሚል ግኝት ተጻፈ።

የፋትፍ 11ኛው ምክረ ሐሳብ መዝገቦች ቢያንስ ለ5 ዓመት ይቀመጡ ይላል። አምስት ዓመት አስቢው። ዛሬ የዘጋሽውን ፋይል የሚያነበው ሰው ሲመጣ አንቺ ሌላ ቦታ ልትሆኚ ትችያለሽ። ከዚያ ቀን ወዲህ አራት መስመር ሳልጽፍ ፋይል አልዘጋም፦ ምን አየሁ፣ ከምን ጋር አመሳከርኩ፣ ምን ሳላረጋግጥ ቀረሁ፣ ለምን እንዲህ ወሰንኩ። ሦስተኛዋ መስመር ታስፈራለች፤ ብዙዎች ይዘሏታል። መርማሪ የሚያምንሽ ግን በእሷ ነው።

ከዓመት በኋላ ሌላ መርማሪ ሌላ ፋይል ይዞ «ይህን የጻፈው ማነው?» ብሎ ጠየቀ። ደነገጥኩ። ለካ ወዶት ነው። በቀጣዩ ስብሰባ አለቃዬ ይዞኝ ሄደ። ከዚያ ደንበኞች በቀጥታ ለእኔ መደወል ጀመሩ። ማዕረጌ ያው «ባለሙያ» ነበር።

ስለዚህ አለቃሽን ማዕረግ ከመጠየቅሽ በፊት አንድ ደንበኛ ጠይቂ። ትንሹን ይስጡሽ፤ ከመጀመሪያው ውይይት እስከ መጨረሻው ሪፖርት ግን ያንቺ ይሁን። የስጋት ምዘናውን አንቺ ሥሪ፣ ግኝቱን ለደንበኛው አንቺ ንገሪ፣ ክፍያውን ሲተምኑም አጠገባቸው ቁጭ በይ። ብዙ ጎበዝ ባለሙያ አንድ ሥራ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅና ስንት እንደሚያስከፍል ሳያውቅ ዓመታት ይቆጥራል። ባለቤቶች ወንበር የሚያጋሩት ይህን ለሚያውቅ ሰው ነው። «ለዚህ ገና ነሽ» ካሉሽ፣ ምን ሲቀረኝ ነው ብለሽ ጠይቂ። የተወሰነ ነገር ከነገሩሽ ጥሩ ነው። «እናየዋለን» ካሉሽና ይህ ሦስተኛው «እናየዋለን» ከሆነ፣ መልሱን ሰምተሻል።

ትንሽ ቢሮ የማያስተምረው ነገርም አለ። እኛ አማካሪዎች «ይህን አሠራር ቀይሩ» ብለን እንወጣለን፤ መቀየሩ የሚያመጣውን ጭቅጭቅ አናይም። አዲስ ቅጽ ሲወጣ መስኮት ላይ ያለው ሠራተኛ የሚያጉረመርመውን፣ የሽያጭ ክፍሉ «ደንበኛ አባረራችሁብን» የሚለውን አንሰማም። እኔ ለስምንት ወር በውሰት ደንበኛ ጋ ገብቼ ሠርቻለሁ። ስመለስ የራሴን የድሮ ሪፖርቶች አንብቤ አፈርኩ። ግማሹ ምክር በተግባር የማይሞከር ነበር። እንዲህ ያለ ዕድል በውሰት ካልተገኘ፣ የባንኩ ጥሪ ለዚህ ይጠቅምሻል። ከመሄድሽ በፊት ግን በባንኩ የሚሰጥሽን ሥራ በደንብ ጠይቂ። ቀኑን ሙሉ ሶፍትዌሩ የሚያወጣውን የማንቂያ መልእክት እየከፈቱ መዝጋት ብቻ ከሆነ፣ አሁን በአንድ ሳምንት የምታይውን ዓይነት ጉዳይ እዚያ በዓመትም ላታይው ትችያለሽ።

ሰርተፍኬቱን ውሰጂው። ገንዘብ ማጠብን ለሚከላከሉ ባለሙያዎች የሚሰጠው ካምስ (CAMS) በብዙ አገር ይታወቃል፤ በየ3 ዓመቱ መታደስ እንዳለበት ብቻ አትርሺ። ቃላቱን ያስይዝሻል፣ ለሥራ ማመልከቻሽም በር ያስከፍታል። ቅርንጫፍ የሌለው ድርጅት ቅርንጫፍ እንደሌለው ግን አይነግርሽም።

አንድ ነገር ሳልጠይቅሽ አልዘጋም። ሰባት ሰው ባለበት ቢሮ የግማሹን ደመወዝ የሚከፍል አንድ ትልቅ ደንበኛ አይጠፋም። የእሱን ግኝት «ትንሽ አለስልሺው» ተብለሽ ታውቂያለሽ? ቃላት ማስተካከል ሌላ ነው፤ «ከፍተኛ ስጋት» ያልሽውን ወደ «መካከለኛ» ማውረድ ሌላ ነው። አለቃሽ እንደዚያ ሲሆን ሪፖርትሽን ይዘው ከደንበኛው ጋር የሚከራከሩ ከሆነ፣ ማዕረግ ቢዘገይም አንድ ሁለት ዓመት ብትቆዪ ታተርፊያለሽ። የሚያስለሰልሱሽ ከሆነ ግን ስለ እድገት አታስቢ። ያ ፋይል ስምሽን ይዞ ለ5 ዓመት መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ለባንኩ ዛሬውኑ ደውዪ።